ስፕሬዩን ለመያዝ አትቸኩል

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የመኪና አካል ጥገናና ቀለም ጋራዥ ያላቸው ባለሙያ ከአንባቢያን ለሚደርሷቸው ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡበት ዓምድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕድሜዬ 19 ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ 50 ከመቶ አልሞላልኝም። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ከጋራዥ ጋራዥ አብሬው ስዞር ነው ያደግሁት። መኪና ቀለም ሲቀባ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሙያዬ ባደርገው እወዳለሁ። ገላን ያለ አንድ ጋራዥ «ደመወዝ የለም፣ ምሳ እንችልሃለን፣ ገብተህ ልመድ» ብሎኛል። እናቴ ደግሞ «ያለ ወረቀት ቱታ ለብሰህ ከምትቀር ቴክኒክና ሙያ ተመዝገብ» ትለኛለች። የቱ ይሻለኛል? ቀለም ቀቢ ለመሆንስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ ልጄ፣ በፈተናው አንገትህን አትድፋ። የ50 ከመቶ ማለፊያ በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ የ2015 ተፈታኞችም ከዚያ የተሻለ አላመጡም። ግን ጋራዥን ትምህርት እምቢ ያለው ሰው መጠለያ ነው ብለህ እንዳትገባበት። ሒሳብም ኬሚስትሪም አለበት። ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጨው አብረቅራቂ ሽፋን) እና ሃርድነር (ማጠንከሪያው) 2 ለ 1 ቀላቅል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 10 ከመቶ ቲነር ጨምር ሲሉህ በግምት የምታንቆረቁር ከሆነ ሥራው በወሩ ተመልሶ በርህ ላይ ይቆማል።

አሁን «ቀለም እወዳለሁ» ወዳልከው ልምጣ። ጋራዥ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ዓይኑ ያረፈው ስፕሬዩ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ መኪናው ሲያብረቀርቅ የሚታየው ያኔ ነው። ገንዘቡም ሙያውም ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። በቅርቡ አንዲት ቪትዝ ገባችልን፤ ባጃጅ የግራ የኋላ በሯን ገፍቶ አጉድጉዶታል። ሥራው ቀናት ፈጀ፤ ከዚያ ሁሉ ስፕሬዩ እጅ ላይ የነበረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

የቀረውን ጊዜ ምን በላው? መጀመሪያ የበሩ የውስጥ ልባስ፣ መስታወቱና እጀታው ይወርዳል። ላሜራ ሠራተኛው ከውስጥ በኩል ብረት ደግፎ ከውጭ በቀላል መዶሻ ይገባበታል፤ ጉድጓዱን ከመሐሉ አይመታም፣ ከዳር ከዳር እየፈታ ወደ መሐል ይሄዳል። ጀማሪ መሐሉን ነው የሚደበድበው፤ ላሜራው ይለጠጥና እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ገባ ወጣ ማለት ይጀምራል። የተለጠጠ ላሜራ በመዶሻ ብዛት አይሰበሰብም። ነጥብ ነጥብ አድርጎ በእሳት አሙቆ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል፤ ይህ የአሮጌ መኪና ላሜራ ዘዴ ነው። የአዳዲሶቹ መኪኖች ምሰሶና ድጋፍ በጣም ጠንካራ በሆነ ብረት ስለሚሠራ እሳት ካገኘው ጥንካሬው ይሄዳል፤ እዚያ ላይ በእሳት አትጫወትም።

ከዚያ ስቱኮ፣ የቀረውን ጉድለት የሚሞላው ልጥፍ። ስስ ይሁን። ጉድጓዱን በመዶሻ ማውጣት የሰለቸው ሰው በስቱኮ ይሞላዋል፤ በመጀመሪያው ኮረኮንች መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። የስቱኮው ሃርድነር ደግሞ ከክብደቱ 2 ከመቶ አካባቢ ነው። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ የሚያበዛው አለ፤ ትርፉ ሃርድነር ቀለሙን አልፎ ወጥቶ ነጭ መኪና ላይ ቢጫ ምልክት ይሠራል፣ ባለመኪናውም ቀለም ቀቢውን ይሰድባል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ቀጥሎ ይመጣል፤ ከሻካራው ቁጥር 80 ተነስተህ ወደ ለስላሳዎቹ 180፣ 320 እያልክ ነው የምትሄደው፤ ከፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ከሚረጨው መነሻ ሽፋን) በኋላ 600 እና 800 በውሃ። ከ80 ዘለህ 400 ብትይዝ ጭረቱ ከሥር ይቀራል፤ ቀለሙ ሲደርቅና ሲሰበሰብ ፀሐይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስትፈገፍግ መዳፍህን አሠልጥን። ዓይንህን ጨፍን፣ መዳፍህን ሙሉ ዘርጋ፣ ካልተነካው ላሜራ ጀምረህ በተሠራው ላይ በቀስታ አንሸራትት። ጣትህ ሳይሆን መዳፍህ ነው እብጠቱን የሚነግርህ። ካልተማመንክ ጥቁር ቀለም በጣም ስስ አድርገህ ፕራይመሩ ላይ ረጭተህ በጣውላ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ፈግፍግ፤ ጥቁሩ ሳይለቅ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ይህን ሳያዩ ቀለም መርጨት ባልተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደ መጋገር ነው።

ቀለሙ ራሱስ? የመኪናው ቀለም ኮድ መኪናው ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ቶዮታ ላይ የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ታገኘዋለህ። ለምሳሌ 040 የሚለውና 070 የሚለው ሁለቱም መንገድ ላይ ስታያቸው ነጭ ናቸው። 040 ተራ ነጭ ነው። 070 ግን የዕንቁ ነጭ ነው፤ ከሥር ነጭ፣ በላዩ ዕንቁው፣ በላዩ ክሊር ሦስት ንብርብር ይፈልጋል። በ040 ዋጋ ተዋውለህ 070 ከሆነብህ ከኪስህ ነው የምትከፍለው። ኮዱን አግኝተህም አላለቀም፤ ዓመታት የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና እንደ ፋብሪካው ቀለም አይደለም። ቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብተህ ደጅ አውጥተህ ከመኪናው ጎን ይዘህ ታየዋለህ፤ በአምፖል ሥር ፈጽሞ አትወስን። ብርማ ሜታሊክ ሲሆንማ አንድ ዓይነት ቀለም በሁለት ቀቢዎች እጅ ሁለት ቀለም ይሆናል፤ አንዱ ቀርቦና አርጥቦ ይረጫል፣ ይጠቁርበታል፤ ሌላው ርቆና አድርቆ ይረጫል፣ ይነጣበታል። ቀለም ማመሳሰል የሚችል ሰው ከቃሊቲ እስከ ሰበታ ሥራ አያጣም፤ ጋራዦች ይሻሙበታል።

ስለዚህ ከመመዝገብህም ከመግባትህም በፊት ዓይንህን ተመርመር። ቀይና አረንጓዴን በትክክል የማይለይ ወንድ ጥቂት አይደለም፤ ብዙው ራሱ አያውቀውም። ዓይን ሐኪም ዘንድ በነጠብጣብ ሥዕል በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ ነው። ችግር ካለብህ ላሜራውን ያዝ፤ ጥሩ ላሜራ ሠራተኛ ከቀለም ቀቢ ያነሰ አይከፈለውም።

እናትህና ጋራዡ ያጣሉህ ያለ ምክንያት ነው። በቴክኒክና ሙያ የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ፤ የሥልጠናው ትልቁ እጅ፣ 70 ከመቶ ያህሉ፣ በሥራ ቦታ እንዲሆን ነው የታሰበው። ኮሌጅ ስትመዘገብ የገላኑ ጋራዥ ተባባሪ ድርጅት ሆኖ ይቀበልህ እንደሆነ ጠይቅ። በደረጃው መጨረሻ የብቃት ምዘናውን፣ እኛ ሲኦሲ የምንለውን፣ ትወስዳለህ። ነገ መሥሪያ ቤት ልትቀጠር፣ ወይ የራስህን ጋራዥ ፈቃድ ልታወጣ ስትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ወረቀት ነው። እጁ ወርቅ ሆኖ ወረቀት ስለሌለው በሰው ስም የሚሠራ ስንቱን አውቃለሁ።

ገላን ስትሄድ ግን ዝም ብለህ አትግባ። ግማሽ ቀን ቁጭ ብለህ እይ። ለማጅ የተባሉት ልጆች መዶሻ ይዘዋል ወይስ ሻይ እያመጡ መኪና እያጠቡ ነው? ቀለም የሚረጨው ሰውዬ ፊት ላይ ምን አለ፣ ማስክ አድርጓል? ከእነሱ ጋር «ምሳ ብቻ» የሚለው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚከፈልህ አባትህ ባለበት ተነጋገሩ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ያለ ክፍያ ጥቂት ወር መልመድ ያለ ነው፤ ዓመት ሲሆን ጉልበት ብዝበዛ ነው።

ጊዜውን ልንገርህ፤ ፕራይመር ድረስ ያለውን ዝግጅት አምነው ለብቻህ የሚተዉልህ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ነው፣ ያውም ከተጋህ። ሜታሊክ ቀለም ያለ ሰው እገዛ ለመጨረስ ከዚያ በላይ። እንጀራውን በተመለከተ፣ እዚህ አገር መኪና ተጋጨ ተብሎ አይጣልም። ኢንሹራንሶች ለተጋጨ መኪና ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ፤ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ሲደርስ ሰው ፓራፋንጎውንም ፓራውልቱንም ለማስተካከል ይሰለፋል። ብዙው ቀለም ቀቢ በቁርጥ ስለሚሠራ አንድ ወር ደልቦ አንድ ወር ይከሳል፤ ለዚያ ተዘጋጅ። የኢንሹራንስ ክፍያ ደግሞ ይዘገያል። ጋራዥ ስትከፍት ታስታውሰኛለህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምኖረው አለም ገና ነው። ልጄ ቀለም ቤት ከገባ ዓመት አልፎታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱን ይይዘዋል፤ እሑድ ቤት ሲውል ይሻለዋል፣ ሰኞ ማታ እንደገና ይብስበታል። አለቃው «ብርድ ነው፣ ወተት ጠጣ» እያለ በየቀኑ ወተት ይገዛለታል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልብዎ ትክክል ነው። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ነገ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙ ዘንድ «ያስለኛል» ብቻ ብሎ እንዳይመለስ፤ «ባለ ሃርድነር የመኪና ቀለም እረጫለሁ፣ በሥራ ቀን ይብስብኛል፣ በዕረፍት ቀን ይሻለኛል» ብሎ በግልጽ ይንገር። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ትለውጣለች፤ ካልተነገረው ብሮንካይት ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን መኪና ላይ የምንረጨው ክሊርና ባለ ሁለት ውህድ ቀለም ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ይህ ኬሚካል በሥራ ምክንያት የሚመጣ አስም ከሚያስከትሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ክፋቱ፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በጣም ትንሹ መጠን ይበቃዋል፤ ማስክ አድርጎም ሊነሳበት ይችላል። ቀድሞ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ይሰፋል፤ «ይለምደዋል» እየተባለ የቆየ ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ሊኖር ይችላል። ስለ ልጅዎ የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል፤ ማረጋገጡ የሐኪም ነው።

ወተቱን በተመለከተ፦ ቀለም ቤት ሁሉ የሚታመንበት ነገር ነው፤ እኔም ጎረምሳ ሳለሁ ተግቼዋለሁ። ወተት ሆድ ይገባል፣ ኬሚካሉ ሳንባ ነው የገባው። ሁለቱ አይገናኙም። አለቃው ለልጅዎ አስቦ ይሆናል፣ ክፉ ሰው አልለውም፤ ግን የወር የወተቱ ወጪ ቢደመር ደህና ማስክ ይገዛ ነበር።

ማስክ ሲባልም የኮሮና ጊዜውን የጨርቅ ማስክ ወይም አቧራ የሚከለክለውን ነጩን ማለቴ አይደለም፤ ጭስና ትነት በእነሱ ሰተት ብሎ ያልፋል። ሁለት ጎኑ ላይ የከሰል ካርትሪጅ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚዘጋ ጎማ ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ጢም ካለ አይገጥምም። ካርትሪጁ ያልቃል፣ በጊዜው መቀየር አለበት፤ ከሥራ በኋላም ስፕሬይ ክፍል ውስጥ አይተውም፣ ይታሸጋል። ከሁሉ የሚሻለው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚስብ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን አለ። ሌላም ነገር፤ ልጆቹ እጃቸውን በቲነር ነው የሚታጠቡት። ቲነር በቆዳ ይገባል። ጓንት አድርገው ይሥሩ፣ በሳሙና ይታጠቡ።

ልጅዎ ሙያውን መተው የለበትም ይሆናል። ሐኪሙ ውጤቱን እስኪነግረው ግን ከስፕሬይ ክፍሉ ይውጣ፤ ላሜራው ጋ፣ መፍታትና መግጠሙ ጋ ይዛወር፤ ሌላው ሲረጭም እዚያው ግቢ አጠገብ አይቁም። አለቃው አልፈቅድም ካለ ያን ቤት ይልቀቅ። ቀለም ቤት ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ክረምት ላይ ቀለም ስረጭ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይለብስብኛል፤ አልፎ አልፎም ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ቀለሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ቀለሙን አትጠርጥር። ቲነርህ ቶሎ የሚተን ዓይነት ነው፤ በፍጥነት ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ በላዩ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ክረምት ላይ ዘግይቶ የሚተን ቲነር ተጠቀም፤ ጠዋት ጠዋት አትርጭ፣ ረፈድ ሲልና ዝናቡ ጋብ ሲል ጀምር። የኮምፕሬሰርህን በርሜል ከሥሩ በየቀኑ ክፈትና ውሃውን አፍስስ፤ የሚወጣውን ስታይ ትደነግጣለህ። መስመሩ ላይ ውሃ የሚይዝ ፊልተር ከሌለ ግዛ።

ቀዳዳው ግን ከዝናብ አይደለም፤ ሲሊከን ነው። መኪና አጣቢዎቹ ጎማና ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁበት ነገር ላሜራው ላይ ደርቆ ይቀራል። ከመፈግፈግህ በፊት አንዴ፣ ከመርጨትህ በፊት አንዴ በቅባት ማጽጃ ጥረግ፤ በአንድ ጨርቅ አርጥበህ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ሳይደርቅ አንሳው። በአንድ ጨርቅ ብቻ ብታሸው ሲሊከኑን ከዚህ ወደዚያ ማዞር ነው። ግቢህ ውስጥ መኪና የሚታጠብ ከሆነ ያን ነገር ስፕሬይ በምትረጭበት ቀን አስቁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሌጅ የመኪና አካል ጥገናና ቀለም ተማሪ ነኝ። ሴት ነኝ። የትብብር ሥልጠና ፍለጋ ቃሊቲና ሳሪስ ያልዞርኩበት ጋራዥ የለም፤ አንዱ «ቢሮ ሥሪ» ይለኛል፣ ሌላው ይስቃል። አንዱ «ላሜራ ይከብድሻል» አለኝ። እውነት ይከብደኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ላሜራ በጉልበት የሚሠራ መስሎት ያለሽ ሰውዬ ራሱ ሥራውን አያውቀውም። ጉልበት የሚያበዛ ነው ላሜራ የሚለጥጠው። ከባዱን መጎተት በሰንሰለትና በሃይድሮሊክ ነው የምንሠራው። ኮፈን ብቻውን የሚያነሳ ወንድም የለም፤ ለሁለት ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቀለምን የመለየት ችግር ከሴት ይልቅ በብዙ እጥፍ ወንድ ላይ ነው የሚበዛው። ቀለም ማመሳሰል ላይ ዓይንሽን ካሠለጠንሽ የሚስቁብሽ ሰዎች ቀለማቸውን ይዘው ይመጡልሻል። እዚያ ላይ አተኩሪ፤ ቁራጭ ላሜራ እየሰበሰብሽ፣ በየኮዱ እየቀባሽ፣ ከጀርባው ኮዱንና የቀላቀልሽውን መጠን እየጻፍሽ አስቀምጪ። ሥራ ፍለጋ ስትሄጂ ከወረቀትሽ ጋር እሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽላቸው «የትኛው ከዚያ መኪና ጋር ይሄዳል?» በያቸው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የሌለው፣ ማታ ቀለም እያስጠበቀ የሚያመሽ ጋራዥ ከሆነ ሥልጠና ቢሰጡሽም ደስ አይለኝም። ኮሌጅሽ የትብብር ሥልጠና የሚከታተል መምህር አለው፤ ዝም ብለሽ አትዙሪ፣ እሱ ይዞሽ ይሂድ። የጋራዡ አለቃ ለተማሪ እምቢ ያለውን ለመምህር እምቢ ማለት ይከብደዋል። ከእኔም ጋራዥ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ፤ አድራሻውን መጽሔቱ ይሰጥሻል።

ጥያቄ፦ ላሜራ ሠራተኛ ነኝ፣ ዱከም። አሁን የሚገባው መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ሜካኒኮቹ ሥራችን ሊያልቅ ነው ይላሉ። የእኛስ?

መልስ፦ የእኛ አያልቅም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የዘይትና የፍሬሲዮኑ ሥራ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪክ መኪናም ግን ይጋጫል፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ አለው፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። አዲስ የምትማረው ግን አለ።

ወፍራም ብርቱካንማ ኬብል ካየህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ መቶዎች ቮልት። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ጎኑን የተመታ መኪና ከሆነ ከመንካትህ በፊት የባትሪው ቤት መጎዳት አለመጎዳቱ መታየት አለበት። የ12 ቮልቱን ባትሪ መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የከፍተኛው ቮልቴጅ ማቋረጫ አለ፣ እሱ በሠለጠነ ሰው ተነቅሎ የፋብሪካው መመሪያ የሚለው ጊዜ ካልተጠበቀ ብየዳ አታስነሳ። እኛ የለመድነው አንዱን ገመድ ነቅሎ መበየድ እዚህ አይሠራም።

ኦቨን ያለው ጋራዥ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ክሊር የምናደርቅበት 60 ዲግሪ ለባትሪው ሊበዛበት ይችላል፤ ወሰኑ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። መኪናውን ላስመጣው ድርጅት ደውልና የዚያን ሞዴል የሙቀት ወሰን በጽሑፍ ጠይቅ። ካልሰጡህ ኦቨኑን ተወውና ከአቧራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አሳድረው፤ ባለመኪናው አንድ ቀን ቢጠብቅ ነው።